የባለቤቴ አንጀት

ባለቤቴ መገናኛ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ሆዷን የምትወድ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ የቢሮውን ሰው ሁሉ አስነስታ ክትፎ ቤት የምትወስድ ሴት። አንድ ቅዳሜ ወሰን ሰፈር ባለው ቤታችን ሆዷን ይዛ ተኮራመተች። የሰፈሩ ክሊኒክ "ጨጓራ ነው" ብሎ ሽሮፕ ሰጥቶ መለሰን። በማግስቱ ሆስፒታል ስንደርስ አንጀቷ ተጠማዝዞ፣ ደም አጥቶ ጠቁሮ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላት ሐኪም ወጥቶ፣ "ሕይወቷ ተርፏል። ግን አብዛኛውን ቀጭን አንጀቷን አውጥተነዋል፤ የቀረው አንድ ክንድ ቢሆን ነው" አለኝ።

የነገሩ ክብደት የገባኝ ቤት ከተመለስን በኋላ ነው። የበላችው ሁሉ ሳይቆይ በተቅማጥ ይወጣል። ትበላለች፤ ትከሳለች። ጎረቤቶቻችን መክሳቷን አይተው ኤችአይቪ ነው ብለው ደመደሙ፤ ልጆቻቸው በእኛ ብርጭቆ ውሃ እንዳይጠጡ ከለከሉ። እናቷ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይዘዋት ወጡ። የጠጣችው ጠበል ግን ሰውነቷ ውስጥ የነበረውንም ውሃ ይዞ ወጣ፤ ስትመለስ ከታክሲው ተሸክሜ አወረድኳት። እናቷን ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን እኔስ ምን የተሻለ ነገር ነበረኝ?

ታላቅ እህቷ ሐኪሙ ፊት ቆማ፣ "ዶክተር፣ ከእኔ ቆርጣችሁ ስጧት" አለችው።

"አንጀት ንቅለ ተከላ የሚባል አለ፤ በሕይወት ካለ ሰውም ይወሰዳል" አላት። "እዚህ አገር ግን የሚሠራው የለም። ለውጭ ሆስፒታል ልጻፍላችሁ።"

ጻፈ። መልሱም መጣ፦ መጀመሪያ በደም ሥር በሚሰጥ ምግብ ክብደት ትጨምር፣ ከዚያ እናያታለን። ያ ምግብ ደግሞ አንድ ሳምንት ይገኛል፣ ሌላ ሳምንት ይጠፋል።

"ለመዳን መጀመሪያ ዳኚ ነው የሚሉኝ?" አለች ባለቤቴ፣ እየሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ምግቡ በሚገባበት ቱቦ በኩል ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ገባ። ትኩሳቱ አንዴ ወረደላት፤ ሲመለስ ይዟት ሄደ።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ዘመዷ ንፍሮ እየዘገነ፣ "ምግብ እንቢ ብላ ራሷን ጎዳች እንጂ ገና ልጅ ነበረች" አለ።

"ትበላ ነበር!" ብዬ ተነሣሁበት። "ካንተ የበለጠ ትበላ ነበር!"

ሰዎች "ሐዘን ነው፣ ሐዘን ነው" እያሉ ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። እሱም አንገቱን ነቅንቆ ንፍሮውን መቆርጠሙን ቀጠለ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም አልለውም።