ደሬሳ የነቀለው ሰርዶ

ደሬሳ በጅግጅጋ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ሲያውስና ሲቀበል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የጭሮ ገበሬ ልጅ ነው። ከሕንፃው ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ለሰፈሩ ሰዎች ይከፋፈል የሚለውን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው አንድ መደብ ይወስዳል፣ በተራው ውሃ ያጠጣል፣ መጽሐፍ የሚዋስበት መታወቂያም ያወጣል። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ የንባብ ክፍሉን ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ስለ ቲማቲም በሽታ የሚያስረዳ መጽሐፍ ይጠይቁ ጀመር። እንዴት ደስ ይላል! እኔንም ወደዚያ የሳበኝ ይኸው ነው።

ሌሎቹ መደቦች ቆስጣና ሽንኩርት ሲያበቅሉ የኤዶ ማርያን መደብ ሰርዶ ብቻ ነበር። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ይላቸዋል። በ2014ቱ ድርቅ መንጋቸው አልቆ ከአይሻ የመጡ ሴት ናቸው። ደሬሳ ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ስለ አረም መክሯቸዋል። እሳቸው ፈገግ ብለው ሣራቸውን ያጠጣሉ። ስንፍና መሰለው።

አንድ ሳምንት ኤዶ ታመው ቀሩ። ደሬሳ እጅጌውን ሰብስቦ ሰርዶውን ከነሥሩ ነቀለና ጥግ ላይ ከመረው፤ በምትኩ ቆስጣ ተከለላቸው። ውለታ መዋሉንም ለመጣው ሁሉ ተናገረ።

ኤዶ ማጭድና ማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ሲመጡ መደቡን ዞረው አዩት። ከዚያ፣ «መምህር፣ ፍየሌ ምን ትብላ?» አሉት ደሬሳን።

ከመንጋው የተረፈችው አንዲት ፍየል ናት። ወተቷን የልጃቸው መንታዎች ይጠጣሉ። ዝናብ እስኪጥል የሚያቆያት ያ መደብ ነበር።

የጎረቤቱ መደብ ባለቤት፣ ባለሱቁ ቢሌ፣ ከሽንኩርቱ መሀል ቀና አለ። «ጋሽ ደሬሳ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ መኖ አታውቅም?»

«አንተ ካወቅክ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅክ? ስትነግረን ብቻ ነው የምንሰማህ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ደሬሳ «ደንቡ የሚለው አትክልት ነው» ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ደንቡን የጻፈው ራሱ ነው፣ እንዲህ የሚል ቃልም የለበትም። ጆሮው ጋለ። ዕለቱኑ ከመንገድ ዳር ቦይ ሣር አጭዶ፣ አንባቢዎቹ እንዳያዩት በጓሮ ዞሮ ኤዶ ቤት አደረሰ። መንታዎቹ ጥቁር ሻይ ይጠጡ ነበር። ሣሩን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ ሳያይ ተመለሰ።

አሁን ስለ ሰርዶ አንድ ነገር ላስረዳ። ግንዱ መሬት ለመሬት ይሳባል፤ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። ቢቆራርጡት እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ገበሬ የሚረግመው ለዚህ ነው፤ እኔ ግን ተአምር እለዋለሁ። ደሬሳ የከመረው ሰርዶ ላዩ ደርቋል፣ ከሥሩ ግን ርጥብ ነበር።

በማግስቱ ደሬሳ የተከለውን ቆስጣ ነቀለ። ከክምሩ ሕይወት ያላቸውን አንጓዎች ለቀመና ተንበርክኮ አንድ በአንድ ይቀብር ጀመር። ኤዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ይቅርታም ጠየቃቸው። መስመሩን ሲጨርስ ተነሡ፣ ጎንበስ ብለው አንዷን ጫፍ በሁለት ጣት ሳብ አደረጓት፤ ተነቅላ መጣች። መልሰው እጁ ላይ አኖሩለት።

«ይቺ አልያዘችም» አሉት።

ደሬሳ ጠለቅ አድርጎ ቆፈረላት።