ላሚኔት ያስደረግሁት የጋብቻ ወረቀት

መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ባለሙያ የእናቴንና የአባቴን የጋብቻ ምስክር ወረቀት አገላብጣ አየችው። በጥፍሯ ላስቲኩን ሞከር አደረገችና መልሳ ገፋችልኝ።

«ላሚኔት የተደረገ አንቀበልም።»

«ለምን? ኦሪጅናል እኮ ነው!»

«ኦሪጅናል መሆኑን በምን ልወቅ? ወረቀቱን ነክቼ፣ ማኅተሙን አይቼ ነው የማረጋግጠው። ላስቲኩን አስነሥተሽ አምጪ።»

እናቴ አጠገቤ ቆማለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ላሚኔት ያስደረግሁት እኔ ነኛ! ያውም ተይ እየተባልኩ።

አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የቤታችን ካርታ በእሱ ስም ብቻ ነው። በክፍለ ከተማችን የይዞታ ምዝገባ ሲጀመር የሰፈራችን ተራ ደረሰና ማስታወቂያ ተለጠፈ። ባለይዞታው የሞተ እንደሆነ ሚስቱ ጋብቻዋን የሚያሳይ ማስረጃ ይዛ ትቅረብ፣ በቀነ ገደቡ ያልቀረበበት ቤት ባለቤቱ ያልታወቀ ተብሎ ይመዘገባል ይላል። የቀረን ሁለት ሳምንት ነው። እናቴ ሙሽራ ሆና የገባችበት፣ አምስት ልጅ የወለደችበት ቤት ባለቤቱ ያልታወቀ ሊባል!

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። የሰው ፋይል ሳደራጅ ውዬ ቤት ስገባ የእናቴን ወረቀቶች ሳይ ደሜ ይፈላል። የጡረታ ደብተር ከውሃ ቢል ጋር፣ የስምንተኛ ክፍል ካርዴ ከክትባት ካርድ ጋር፣ ሁሉም በአንድ ፌስታል ታጭቆ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ባለፈው ክረምት ምስጥ የቁም ሣጥኑን ጀርባ ጀምሮት ሳገኝ በቃኝ አልኩ። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሳሎኑ ወለል ላይ ዘርግቼ ለየሁ፤ ቦክስ ፋይል ገዛሁ፤ በየጀርባው የቤት፣ የጤና፣ የትምህርት እያልኩ ጻፍኩ። ዋና ዋናዎቹን ላሚኔት ላስደርግ ፒያሳ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ልሄድ ስነሣ እናቴ የጋብቻ ወረቀቱን አይታ «እሱንስ ተዪው፣ እንዲሁ ይቀመጥ» አለችኝ።

«ምስጥ ሲበላው ታለቅሻለሽ!»

«አንቺማ ታውቂያለሽ» አለች።

መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን አያውቅም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ጋ የሚመጣው ሁሉ ኮፒ ነው፤ ኦሪጅናል ነክቼ አላውቅም። ግን አፌን ሞልቼ የማወራ ሰው ነኝ፤ እኔን ማን ሊያስተምረኝ!

ከመስኮቱ በቀጥታ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድን። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየውና እጁን አነሣ። «እኔ አልነካውም። ማኅተሙ ከላስቲኩ ጋር ተያይዞ ይመጣል።»

«ያሸግኸው አንተ ነህ እኮ!»

«አሽግ ብለሽኝ ነዋ።»

እናቴ «እንግዲያው ይቅር፤ ሌላ መላ ይኖረው እንደሆነ እንጠይቅ» አለች። እኔ ደግሞ ሰው ልጠይቅ? እቤት ስንደርስ ካውያ አሞቅሁ። ወረቀቱ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጌ ለብ ለብ አደረግሁትና ጠርዙን በምላጭ ከፈትኩት። በአባቴ በኩል ያለው ላስቲክ ቀስ እያለ መነሣት ጀመረ። ፎቶው ደህና፣ ፊርማው ደህና።

«አየሽ? ወጣ እኮ!»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ትመለከታለች። ወደ እሷ ፎቶ ስደርስ ወረቀቱ ሲላጥ ሰማሁት። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። እጄ ግን አልቆመም፤ ትንሽ ነው የቀረው፣ ትንሽ ነው እያልኩ ሳብኩት። ላስቲኩ ሲለቅ የእናቴ ፎቶና ማኅተሙ እሱ ላይ ተለጥፈው መጡ። ወረቀቱ ላይ የቀረው ነጭ ቦታ ብቻ ነው።

እናቴ ላስቲኩን ከእጄ ወስዳ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ፀጉሯን ተተኩሳ።

«እኔ እዚህ ቀረሁ» አለች። በሰደበችኝ እንዴት በወደድኩ!

በማግሥቱ ሁለቱንም ይዘን ቀረብን። ባለሙያዋ ቁራጩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማን ነው እንዲህ ያደረገው? ማኅተም ያለበት ሰነድ መነካካት እንደሚያስጠይቅ አታውቂም? ከሥራሽም ያስባርርሻል» አለችኝ።

መታወቂያዬን ገልብጬ ያዝኩ። የዚያን ዘመን የጋብቻ መዝገብ ቢፈለግ አልተገኘም። ስለዚህ ፍርድ ቤት ሄደው በምስክር ጋብቻዎን ያረጋግጡ ብላ ለእናቴ ነገረቻት።

«ኧረ በሞትሽ! ሴትዮዋ ይቻትና! ልጃቸው ይኸው ቆሜያለሁ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ልጅ ምስክር አይሆንም» አለችና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች።

የአባቴን ሚዜ ከከተማው ወጣ ካለችው ቡሹሎ በባጃጅ አመጣናቸው። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ትዝታቸው ደህና ነው። እሳቸውና አንዲት ጎረቤታችን ቀርበው መሰከሩ፤ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ጉዳዩ አለቀ ብዬ ስተነፍስ ዳኛው ቁራጩን ወረቀት አነሡት። ቀድማ ቃለ መሐላ ወደ ፈጸመችው እናቴ ዞሩ።

«እማማ፣ ይህን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

እናቴ እንኳን በሐሰት በእውነትም አትምልም። ልጆች ሳለን «በእግዚአብሔር» ካልን አፋችንን በጥፊ ትለን ነበር። አሁን ስሜን ትጠራለች፣ አለቀልኝ ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለች።

«እርስዎ?»

«እንዳይበላሽ ብዬ አሳሸግሁት። አንቀበልም ሲሉኝ ደግሞ በካውያ ልፈታው ስል ተቀደደብኝ። ልጄ ሥራ ላይ ነበረች፤ አታውቅም።»

ዳኛው ፈገግ ብለው ጻፉ። ብድግ ብዬ «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። ብናገር እናቴ በመሐላ ዋሸች ይባላል፣ ቤቱም ይቀራል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ልናገር? ለራሴ ፈርቼ ነው። መቀመጫዬ ላይ እንደተለጠፍኩ ቀረሁ።

ውሳኔው ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ወጣ፤ ቤቱም በእናቴ ስም ተመዘገበ። ጎረቤት ሁሉ እሰይ አለ። ከክፍለ ከተማው ስንወጣ «እማዬ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዝም በይ» አለችኝ። «ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ።»

ነገረቻቸው። አባ ዕድሜዋን አይተው ሰባት ቀን ጾም ብቻ ሰጧት። በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት የጨመረችበት ራሷ ናት፤ ግድግዳ ሳትይዝ ከወንበር የማትነሣዋ ሴትዮ። እኔ ልስገድልሽ ብላት «የራስሽን ስገጂ» አለችኝ።

ሰባቱ ቀን ካለፈ ቆየ፤ ስግደቱን ግን አላቆመችም። ጠዋት ጠዋት በግድግዳው ወዲያ ማዶ ጉልበቷ ወለሉን ሲነካ ይሰማኛል። ከዚያ ዝም ይላል። ለመነሣት ግድግዳውን በእጇ ስትፈልግ ይሰማኛል። ሥራ ይረፍድብኛል፤ ሳትጨርስ ግን ከክፍሌ ወጥቼ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።