የአክስቴ ጉልበት ማግኔት ውስጥ ገብቶ ወጣ

ዛሬ አክስቴ ከድጃ ጉልበቷን ቅቤ ቀብታ አዲስ አበባ ኤምአርአይ የሚባለው የማግኔት ምርመራ ክፍል ገባች። «ደርቆ እንዳያሳፍረኝ ብዬ ነው» አለች። ባለሙያው በክብር ጠረገላት።

አክስቴ ቡታጅራ አጠገብ አንድ እግሯን ሰቅላ፣ በእሱ እንሰቱን ከጣውላ ጋር ይዛ ስትፍቅ የኖረች ሴት ናት። ጉልበቷን ካመማት ከርሟል። ከተማችን የተነሳችው ራጅ ግን «ምንም የለም» ስላለ፣ ጎረቤቶቿ «ሥራ ሽሽት ነው» ይሏት ጀመር።

«ማግኔት የሚያውቀው ብረት ነው፤ የኔን ጉልበት ምን ያውቃል?» ብላ ሐኪሙን ያዘችው።

«እናቴ፣ ራጅ የሚያየው አጥንቱን ነው። ይሄ ግን በሰውነትዎ ያለውን ውሃ ተከትሎ፣ በአጥንቶቹ መሃል ያለውን ለስላሳ ልም አጥንት ያሳያል። የእርስዎ መሳሳት ጀምሯል። ገና ጅምር ስለሆነ፣ ካሳረፉት ብዙ ያገለግልዎታል።»

«አልሐምዱሊላህ፣ አልዋሸሁም!»

እኔ ምስሉ ላይ ተተክዬ ቀረሁ። ለካ ሰው ሳያነክስ በፊት ማነከሱ ይታያል! (ለአስፋልታችንም አንድ ቢገዛለት ምን ነበረበት?)

በሚኒባስ ስንመለስ አክስቴ «እንሰቱ ግን አይጠብቀኝም» አለች።

«ታዲያ ማን ይፋቀው?» አልኩ፣ በሞኝነቴ።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ያንተ ጉልበት ደህና አይደል?»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ወንድ ነኝ!»

«ቆጮ ስትበላ ወንድ መሆንህ ትዝ ብሎህ ያውቃል?»

ቅዳሜ እጀምራለሁ። ጉራጌ ምድር ውስጥ እንሰት የፋቀ ወንድ ካለ፣ እግር እንዴት እንደሚሰቀል በውስጥ መስመር ይንገረኝ። ስሙን አላወጣም።