ቁጥር ዘጠኝ ማነው?

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሚኤሶ ኬላ ላይ ወታደሮች ከጭነት መኪና አውርደውኝ ሻንጣዬን ሲበረብሩ ደብተሬን አገኙት። እሱን ይዘው አሰበ ተፈሪ አመጡኝና ማሽላ ይከማችበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ዘጉብኝ። እህሉ ወጥቷል፤ ነቀዙ ግን ቀርቷል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ሰው ማንም ሳያስተምረው በአእምሮው ስለያዘው የቋንቋ ሕግ አጠና ነበር፤ በግምት ሳይሆን በማስረጃ። ዘዴው ቀላል ነው። ገለምሶና ቦኬ ገበያ እየዞርኩ፣ ሆን ብዬ ያጣመምኩትን የኦሮምኛ ዓረፍተ ነገር እናገርና «እንዲህ ይባላል?» እላለሁ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳያመነታ «አይባልም» ይለኛል። ለምን እንደማይባል ግን መናገር አይችልም። የማይባለው ላይ ኮከብ አደርግና የመላሹን ቁጥር እጽፋለሁ። መላሾቹ አሥራ አራት ነበሩ፤ ስማቸው ያለው ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ነው።

መርማሪው ደብተሩን አስተርጉሞ ጠበቀኝ።

«‹ነገ ላሟን ሸጥን› ይላል። ላሟ ማናት?»

«ላም ናት፣ ጓድ። ስህተት ነው፤ አውቄ ነው የተሳሳትኩት።»

«አውቀህ! ቁጥር ዘጠኝስ ማነው?»

ቁጥር ዘጠኝ ቦኬ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ የአራት ልጆች እናት ነበረች። «አላውቅም» አልኩ። ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ፈርቼ ነበር፤ ስሟ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ወደ መጋዘኑ ሲመልሱኝ እስረኞቹ ሁሉ ሸሹኝ፣ ከአንድ ሽማግሌ በቀር። ልጅህ ጫካ ገባ ተብለው የታሰሩ የጫት ገበሬ ናቸው። ለምን እንደተገረፍኩ ነገርኳቸው።

«እኔን ጠይቀኝ» አሉ።

«አባባ፣ ይቅርብዎ። ዘበኛው ይሰማል።»

«ይስማ! ጠይቅ።»

ያችኑ የላሟን ዓረፍተ ነገር ጠየቅኳቸው። «ወላሂ፣ እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው የለም» አሉና ሳቁ። ሌሎቹም ከየጥጋቸው ይመልሱ ጀመር። ዘበኛው በሩን በሰደፍ ደበደበ፤ ማንም ዝም አላለም።

«አሥራ አምስተኛው እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«እኔ ቁጥር አይደለሁም። ስሜን ጻፍ።»

«ወረቀት የለም።»

«ግድግዳ አለ።»

በማንኪያ እጀታ ከነአባታቸው ስም ጻፍኩት። ማንበብ ባይችሉም እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው ዳሰሱት። በሳምንቱ ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም።

ተፈትቼ፣ ከዓመታት በኋላ ጥናቴን ጨረስኩ። መጨረሻው ገጽ ላይ ባለው ሠንጠረዥ አሥራ አራቱ ቁጥር ብቻ ናቸው፤ ዛሬም ስማቸውን ለማንም አልነገርኩም። አሥራ አምስተኛው መስመር ላይ ግን ሙሉ ስም አለ። አማካሪዬ «ደንቡ ሁሉም በቁጥር ይሁን ነው የሚለው፤ አርመው» አሉኝ። ምርቃቴ አንድ ዓመት ዘገየ። አላረምኩትም።