በአራተኛው ቤት የጠፋው ሰው

ቀለበት አስረን፣ አዳራሽ ተከራይተን ካበቃን በኋላ ነው የእጮኛዬ እናት ዘር ይቆጠር ያሉት። ሞንትቤሎ በሚባለው ሰፈር ቤታቸው ምሳ በልተን ቁጭ እንዳልን የአባቴን አገር ጠየቁኝ። የወረዳውን ስም ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ የእሳቸውም እናት ከዚያው ናቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ እስከ ሰባት ቤት የተዛመደ አይጋባም። ኮሎራዶ አይደለም ጨረቃ ላይ ቢወጡም ያው ነው።

ያኔ አልደነገጥኩም። አባቴን በስልክ አገናኘኋቸውና ሁለቱ እየተቀባበሉ ቆጠሩ። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ወጥተው የእኔ አራተኛና የእጮኛዬ አምስተኛ አንድ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። በአገሩ የታወቀ ባላባት ነው። የእጮኛዬ እናት ስልኩን ዘግተው ዘመዳሞች ናችሁ ማለት ነው አሉኝ። ከልባቸው አዝነው ነበር፣ አልዋሽም። ቁርጡ ግን አባቴ ባሉበት በሽማግሌ ፊት ይነገር ተባለ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ስመ ሞክሼ ይሆናል ብዬ ወረቀት ፍለጋ ገባሁ። የሕዝብ ቆጠራ የሚባለው ለአገራችን የደረሰው በደርግ ጊዜ ነው፤ የእኔ ሰዎች ያን ጊዜ አፈር ከሆኑ ቆይተዋል። አገር ቤት ያለው የአክስቴ ልጅ ስንት ቢሮ ተመላልሶ አንድ የቆየ የመሬት ግብር መዝገብ አስገለጠ። ባላባቱ አለ፣ ወንዶች ልጆቹም በየድርሻቸው ተጽፈዋል። የእሱ ልጅ ናቸው የተባሉት የአባቴ አያት ግን ከልጆቹ መካከል የሉም። ጭራሽ የትም የሉም።

በዚያ ሰሞን ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት እየተንከባከብኩ ነበር የምሠራው። እሳቸውም ዘራቸውን ይፈልጉ ነበርና አንድ ቀን ኮምፒዩተራቸውን ወደ እኔ አዙረው ጥቁሮች ነጻ ከመውጣታቸው በፊት የተደረገ ቆጠራ አሳዩኝ። የጌታው ስም ተጽፎ፣ ከሥሩ የባሪያዎቹ ዕድሜና ጾታ ብቻ ተደርድሯል። ስም የለም። አንዲት የስምንት ዓመት ሴት ላይ ጣታቸውን አድርገው ይህቺ ቅድመ አያቴ ልትሆን ትችላለች፣ ላትሆንም ትችላለች አሉኝ። ጣታቸውን ቶሎ አላነሡትም።

ማታ ያየሁትን ለአባቴ አወራሁላቸው። ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ያለ አፓርትመንት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበር የምንኖረው፤ እናቴ ካረፈች በኋላ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበራቸውም። አሜሪካኖቹን ስረግም ቆይቼ፣ እኛ እንኳ ተመስገን እንዲህ ያለ ጉድ የለብንም አልኩ። አባቴ የጎረሱትን አላምጠው ዋጡ።

«አያቴም ተገዝተው የመጡ ናቸው» አሉኝ።

ከየት እንደሆነ አይታወቅም። ልጅ ሆነው ተሸጡ፤ ባላባቱ ክርስትና አስነሥቶ በራሱ ስም አስጠራቸው። የወለዳቸውን ሰው ስም እሳቸውም አላስታወሱት፣ ወይም አልተናገሩም። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ሲቆጥሩ የኖሩት የጌታውን ዘር ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ዘመድ አይደለንማ! ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ ይንገሩልኝና ነገሩ ያልቃል አልኳቸው። እንደ ሞኝ አዩኝ።

«የባሪያ ልጅ ናት ሲባሉ ልጃቸውን የሚድሩልሽ ይመስልሻል? ዘመድ ከተባልን በክብር እንለያያለን። እኔ ስሞት ለፈለግሽው ንገሪ።»

ክብራቸው አንገበገበኝ። ግን የት እሄዳለሁ? እሳቸውን አዋርጄ ላገባ ነው? በማግስቱ እጮኛዬን መኪናው ውስጥ ሞከርኩት። የሰው ታሪክ አስመስዬ፣ አንዲት የማውቃት ልጅ አያቷ ባሪያ ነበር ተብሎ ሠርጓ ሊፈርስ ነው፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ አልኩት። ሳቀ።

«እኔ እንኳ ኬር አላደርግም። ማዘር ግን ሰምታ በዚያው ነው የምትወድቀው። እንዴት አድርጌ ነው የማስረዳት?»

ሳቁ ክፋት አልነበረበትም። ጥርሱን እያየሁ፣ ይህ ደግ ሰው አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ብሎ ከእናቱ ጋር እንደማይጣላ ገባኝ። ብንዛመድ አንጋባም፤ ባንዛመድም አንጋባም። ከሁለት ያጣ ሆንኩ። አፓርትመንታችን እስኪያፍነኝ ድረስ ጠበበኝ።

ቀኑ ደረሰና ሞንትቤሎ ተሰበሰብን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብለው ከፈቱት። አባቴ በሙሉ ልብሳቸው ተነሥተው ቆጠሩ፤ ያማረ አቆጣጠር ነው፣ አንድም ቦታ አልተደነቃቀፉም። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቀና ብዬ አየኋቸው። አላዩኝም። የእሳቸው ያልሆኑትን ሰዎች እየጠሩ እስከ ሰባት ወጡ። እውነቱን ለማውጣት አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው። አባቴ ግን የኮታቸውን ጫፍ ጨብጠው ይዘው ነበር። ዋጥኩት።

ሽማግሌዎቹ ዘሩን እንዲህ የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር የት ይገኛል ብለው አደነቋቸው። የእጮኛዬ እናት አቅፈውኝ አለቀሱ። ምራት ባጣም ዘመድ አገኘሁ፣ ከእንግዲህ ቤትሽ ነው፣ ሳትጠሪ ነይ አሉኝ።

እሱ እስከ በረንዳው ድረስ ሸኘን። ዓይኑ ቀልቷል። እጄን ሊይዝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ሳመኝ።

«በይ እኅቴ፣ ደህና ግቢ» አለኝ።

አባቴ አጠገቤ ቆመው ነበር። ሰሙት።