ዳይሬክተሩን እምቢ ያላለው ሰርቨር

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ሰዎች ለፈታሹ ባልደረባቸው «እምቢ በሉኝ» ብለው ቅጽል ስም ያወጡለት ያለ ነገር አይደለም። ሌላው ሰው ሲፈቀድለት ደስ ይለዋል፤ የእሱ ፊት የሚፈካው ሲከለከል ነው። ሥራው ነዋ! ተዘጋ የተባለ ነገር በእርግጥ መዘጋቱን እየገፋ፣ እየነቀነቀ የሚፈትሽ ሰው ነው። ባለቤቱ እንደምታወራው ከሆነ፣ ለጋብቻ ሲጠይቃት ሁለት ጊዜ እምቢ ብላው ሁለቱንም ጊዜ አመስግኗት ሄዷል። በሦስተኛው እሺ ስትለው ግን ደነገጠና እርግጠኛ መሆኗን ደግሞ ጠየቃት።

ያን ዕለት የሆስፒታሉ ዳታቤዝ ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ይገለበጥ ነበር። ግልበጣው እስኪያልቅ አሮጌው ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ በመሃል የተጻፈ ነገር ወደ አዲሱ ላይሻገር ይችላላ። ባለፈው ጊዜ በዚሁ ምክንያት አንዲት እናት ለቀዶ ጥገና ከምግብ ታቅበው መጥተው፣ ስምዎ የለም ተብለው በባዶ ሆዳቸው ተመልሰዋል። ያኔ «ተዘግቷል» ብሎ የፈረመው እምቢ በሉኝ ነበር። ያቺ ፊርማ እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠዋለች። የዛሬውንም የሚፈርመው እሱው ነው።

ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ አርባ ዓይነት ሙከራ አደረገ። በመዝጋቢዋ ስም ገብቶ አዲስ በሽተኛ ሊጨምር ሲል ሰርቨሩ «ማንበብ ብቻ» አለው። በነርሷ ስም ቀጠሮ ሊሰርዝ ሲልም ያው ነው። እያንዳንዷን ክልከላ እንደ ምርቃት ተቀበላት። ባልደረቦቹ በቃ ይፈርሙልን ሲሉት ግን ብዕሩን አላነሣም። መቆለፊያው ተራውን ተጠቃሚ እንጂ ሙሉ ሥልጣን ያለውን እንደማይዝ ያውቃል። ዳይሬክተሩ ደግሞ በተሾመ ማግስት፣ በዚህ ቤት ለእኔ የማይከፈት ነገር አይኑር ብሎ በደብዳቤ ሙሉ ሥልጣን ወስዷል።

እምቢ በሉኝ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ወጥቶ፣ በዳታቤዙ ውስጥ ለሙከራ የተዘጋጀችውን ባዶ መስመር እንዲለውጥ ጠየቀው። ዳይሬክተሩ ባዶዋን መስመር ትቶ የገዛ እናቱን የዓይን ቀጠሮ ፈለገ። ለሚቀጥለው ወር የነበረውን ለሰኞ አደረገው። ሰርቨሩም ሳያንገራግር ተቀበለ።

«አዩ ጋሼ? እኔን አይከለክለኝም» አለ ደረቱን ነፍቶ።

እምቢ በሉኝን ላብ አጠመቀው። ይሄ ክብር ሳይሆን ቀዳዳ መሆኑን፣ ሁሉንም የሚይዝ ሌላ ጠንካራ መቆለፊያ መኖሩን፣ ደብዳቤው እያለ ግን ያለ ዳይሬክተሩ ፈቃድ መቆለፍ እንደማይቻል ቀስ አድርጎ አስረዳ። ዳይሬክተሩ አልተዋጠለትም። አለቃ ከመዝጋቢ እኩል ሊከለከል ነው ወይ ብሎ ተቆጣ፤ ዝም ብለው ይፈርሙ አለ።

«አልፈርምም» አለ እምቢ በሉኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሲከለከል ኖሮ፣ ሲከለክል ይህ የመጀመሪያው ነው። «የቀጠሮው ሠንጠረዥ ተገልብጦ አልቋል። አሁን የጻፉት የእናትዎ ቀጠሮ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሰኞ ጠዋት ይመጣሉ፣ ስማቸው የለም ይባላሉ። እኔ አንዲት እናት መልሻለሁ፤ ሁለተኛ አልመልስም።»

ዳይሬክተሩ ስክሪኑ ላይ የእናቱን ስም ደግሞ አነበበ። ከዚያ ቀጠሮውን ወደነበረበት መልሶ፣ ወረቀት ስቦ ፈቃዱን ጻፈ። ጠንካራው መቆለፊያ ተቆለፈ፤ ግልበጣውም እንደገና ሀ ተብሎ ተጀመረ። እምቢ በሉኝ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሞክር ለመነው። ዳይሬክተሩ እንደገና ሰኞን መርጦ ተጫነ፤ «ማንበብ ብቻ» የሚለውን ራሱ አነበበ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ወዲያው እናቱ ጋ ደወለ። ቀጠሮዋን ሊያፋጥንላት ሞክሮ እንዳልተሳካለት፣ እንደ ማንም ሰው መከለከሉን በተሰበረ ድምፅ ነገራት።

«እኔ መቼ አፋጥንልኝ አልኩህ?» አለች እናቱ፣ ድምጿ ከስልኩ ተርፎ እየተሰማ። «ባይሆን ያን ቀን አንተ ራስህ ይዘኸኝ ና።»

እምቢ በሉኝ አቀርቅሮ ፈረመ።