ከእሷ የሚከብደውን ስጠኝ

በሰው ዳስ የሚቀና ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፤ ራሴን እስካይ ድረስ።

ገንዳ ውሃ ውስጥ፣ ወደ ጎንደር በሚያወጣው አስፋልት ዳር መኪና አጥባለሁ። ሥራውን ከያዝኩት አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በፊት ብቻዬን ነበርኩ፤ ኋላ ትልቋ ልጄ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ አብራኝ ገባች። እሷ ቱቦውን ትይዛለች፣ እኔ ባልዲና ጨርቁን። አገሩ አቧራ ስለሆነ ሥራ አይጠፋም። ሰሊጥ በሚጫንበት ወራትማ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሁሉ እኛ ደጅ ይሰለፋል። አንድ ሕግ አለኝ፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይታጠባል። አንድ ጊዜ አንድ ኃላፊ ስብሰባ አለብኝ ብሎ መሐል ሊገባ ሲል፣ «ከፊትህ ያለው ባለባጃጅም ጉዳይ አለበት» ብዬ ወደ ኋላ መልሼዋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ ተራ ለማስከበር ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል።

ሱዳን ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል ሰው እንደ ጎርፍ ገባ። ከገቡት መሐል አንዲት ሴት ነበረች። ትውልዷ ጎጃም ነው፤ ካርቱም ሃያ ዓመት ኖራ፣ ባሏም እዚያው ሞቶባት፣ አንድ ሻንጣና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አንድ ነገር ይዛ መጣች። ከመኪና ስትወርድ መጀመሪያ ውሃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ውለታዬ እንዲቆጠርልኝ አይደለም፤ ቅናቱ ከየት እንደ ጀመረ እንዲታወቅ ነው። ያጠጣኋት ሴት በወሩ ከእኔ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ያለውን ባዶ ቦታ ተከራየች። ሰው ሁሉ «የካርቱሟ» ይላት ጀመር።

መጀመሪያ የሠራችው ዳስ ነው። እንጨት አቁማ፣ የማሽላ አገዳ ከላይ ረብርባ፣ አንድ መኪና ከነሙሉ ቁመቱ የሚያስገባ ዳስ።

«ፊቷ እንዳይጠቁርባት ነው» አልኳት ልጄን።

«ታዲያ ለፊቷ ይህን ያህል ይረዝማል?» አለች ልጄ።

«ኩራቷ ነዋ የሚረዝመው።»

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ጥላ ውስጥ ቆሞ የሚሠራ ሰው ሥራ የሚሠራ አይመስለኝም ነበር።

በነጋታው ብርድ ልብሱን ፈታችው። ብረት መቁረጫ የሚመስል፣ ጫፉ ላይ ግን ክብ ስፖንጅ የተገጠመለት ማሽን ወጣ። የመኪና ቀለም ማጥሪያ ነው አሉ። እሷ መኪና አታጥብም። እኔ ደጅ የታጠበው መኪና፣ ውሃዬ ገና ከሥሩ እየተንጠባጠበ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ዳሷ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የገባው የአንድ መምህር ቀይ መኪና ነበር። ሲወጣ ሰማዩ ከነደመናው ኮፈኑ ላይ ተኝቶበት ነበር።

መምህሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ የሸረሪት ድሩን አጠፋችልኝ እኮ!» አለኝ።

«የምን ሸረሪት?»

«ፀሐይ ሲያርፍበት ክብ ክብ እየሆነ የሚታየው ጭረት። አይተውት አያውቁም?»

አይቼው አላውቅም። የዚያን ቀን ግን የቀሩትን መኪናዎች ጎንበስ እያልኩ ሳይ ሁሉም ላይ አለ። ቀጭን፣ ክብ፣ በክብ ላይ ክብ። እኔ አጥቤ የጨረስኩት ላይ እሷ ገና ሥራ ማግኘቷ አንገበገበኝ።

እሱንም ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ልጄን ነው። ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር አስፋልቱን ተሻግራ ዳሱ ጥግ ትቆማለች። ስትመለስ አፏ ሁሉ የካርቱሟ ነው። የካርቱሟ እንዲህ ትይዘዋለች፣ የካርቱሟ እንዲህ አለች። «ተማም» ማለትም ጀመረች፣ ደህና ነው ለማለት። በእኔ ቤት ደህና ነው ነበር የሚባለው። አንድ ቀን ዕቃ ስንሰበስብ እንዲህ አለችኝ፦

«እማ፣ ጧት ጧት እሷ ጋ ብሠራ ምን ይመስልሻል? ላስተምርሽ ብላኛለች።»

«እኔ ያስተማርኩሽ አለቀ?»

«አላለቀም። ግን ያው ጨርቅ ነው።»

«ጨርቅ ነው ልጆችሽን ያሳደገው!»

ቱቦውን ጠቅልላ ቀድማኝ ሄደች። ሌሊቱን ሙሉ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ማሽኑ እኔም ጋ ካለ ልጄም እኔ ጋ አለች፣ ማሽኑ ከሌለ አስፋልቱን ለመሻገር አሥር እርምጃ ነው።

በሣምንቱ በሚኒባስ መተማ ዮሐንስ ወረድኩ። አንድ የዕቃ ነጋዴ ሁለት ማሽን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ።

«ይሄ አንዱ ባለበት ቀጥ ብሎ ይዞራል» አለ። «ጉልበተኛ ነው፣ ጭረቱን ቶሎ ይቆርጣል፤ ግን ቀለሙን ያግላል፣ ለሠለጠነ እጅ ነው። ይሄ ደግሞ እየዞረ ይንቀጠቀጣል። ዝግ ይላል፣ ግን ቢሳሳቱም ይቅር ይላል። ለጀማሪ ይሄ ነው፣ እማማ።»

«ገንዳ ውሃ ያለችው የካርቱሟ የቱን ነው የያዘችው?»

«እሷማ የሚንቀጠቀጠውን ነው። ስፖንጁን ከእኔ ነው የምትወስድ።»

ሁለቱንም በየእጄ አንስቼ መዘንኳቸው። «ከእሷ የሚከብደውን ስጠኝ» አልኩ።

«እማማ፣ ነገሩ እኮ በክብደት አይደለም…»

«ልጄ፣ እኔ ዶሮም ጠቦትም አንስቼ ነው የምገዛ። የቀለለ ነገር ውስጡ ባዶ ነው።»

ሳቀ። ጫፉ ላይ የሚገጠመውን ሲያስመርጠኝ ለስላሳውን ስፖንጅ ትቼ ጸጉራሙን አነሳሁ፤ ሻካራው የሚያጸዳ መስሎኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥቅል ፕላስተር አቀበለኝ፣ የኮፈኑና የበሩ ጠርዝ ላይ ይለጥፉበት ብሎ።

«መኪናው አልቆሰለ፣ ፕላስተር ምን ያደርግለታል?» ብዬ መለስኩለት። እንዲያውም ሊያታልለኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩት።

ማሽኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ኮኪትን አልፈን ገንዳ ውሃ እስክንገባ ድረስ እየዳበስኩት ነበር። ልጄ ስታየው፣ «ይሄ እኮ የእሷ ዓይነት አይደለም» አለች። «አውቃለሁ፣ የእሷ ዓይነት እንዳይሆን ነው የገዛሁት» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን መብራት ጠፋ። በአራተኛው ቀን አንድ የሰሊጥ ነጋዴ፣ ሥራውን ከጀመርኩ ጀምሮ ሌላ ደጅ ረግጦ የማያውቅ ደንበኛዬ፣ ጥቁር መኪናውን ይዞ መጣ። «ማሽን አመጡ አሉ። እኔስ የት እሄዳለሁ፤ እርስዎ ይሥሩልኝ» ብሎ ቁልፉን ሰጥቶኝ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። መኪናውን አጥበን እንደጨረስን፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ መብራት መጣ። መብራት ሲመጣ እኛ አገር ማንም አይቀመጥም። ስልኩም ወፍጮውም ፍሪጁም አንዴ ይሰካል፣ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅማ።

«እማ፣ ኮፈኑ እሳት ነው። ትንሽ ይብረድ» አለች ልጄ።

«እስኪበርድ መብራቱ ይጠብቅሻል?»

«የካርቱሟ እኮ ዳስ ውስጥ…»

ዳስ የሚለውን ቃል ስሰማ ማሽኑን ብድግ አደረግኩት።

ሲነሳ እንደ ወይፈን ነው የጎተተኝ። በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት። ኮፈኑ መሐል ላይ ስጫነው ግን እውነቴን ነው፣ አጠራው። ያ የሸረሪት ድር ዓይኔ እያየ ጠፋ፤ በምትኩ የራሴ ሻሽ ሲታይ አየሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያኔ ቀና ብዬ ወደ ማዶ አየሁ። አይታኝ እንደሆን ለማየት ነው። ዳሷ ጥላ ውስጥ ቆማ እያየችኝ ነበር። እኔም ትየኝ ብዬ ጥቂት ቆየሁ።

እኔ ወደ ማዶ ሳይ ማሽኑ ጠርዙ ላይ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ሳነሳው ከኮፈኑ ጠርዝ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ ጥቁሩ ሄዶ ከሥሩ ያለው ግራጫ ወጥቷል።

ልጄ አፏን ያዘች። ቀጥሎ ጆሮዬ ሥር፣ «ጥቁር የጫማ ቀለም እንቀባው፣ አያውቅም» አለችኝ።

«እኔ ለማንም ተራ ያላዳላሁት አሁን በጫማ ቀለም ልዋሽ ነው? ዞር በይ» አልኳት። ሻይ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ «መኪናህን አቃጥዬብሃለሁ፣ ና እይ» አልኩት።

መጥቶ ቁስሉን በጣቱ ዳሰሰው። ጣቱን በመሐረብ ጠርጎ ቁልፉን ከእጄ ወሰደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ የካርቱሟ አስፋልቱን ተሻግራ መጣች። ልትስቅብኝ ነው ብዬ ወገቤን ያዝኩ። መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈችና ቶሎ አነሳችው።

«እትዬ፣ ይሄ ብረት ዳቦ ይጋግራል እኮ። ዳሱ የተሠራው ለዚህ ነው» አለች። ወደ ባለቤቱም ዞራ፣ «የተቃጠለውን ቀለም ማሽን አይመልሰውም፣ ቀቢ ነው የሚመልሰው። የቀረው ግን ምንም አልሆነ፤ እትዬ ጥሩ ነው የሠሩት» አለችው።

ቀጥላ የባልዲዬን ጫፍ ይዛ ወደ ውስጥ አየች። ከሰሊጥ ጆንያ ቀድጄ የምሠራባቸውን ጨርቆች አየች። አንድ ነገር ልትናገር ብላ ተወችው።

«ተናገሪ» አልኳት። «እውነት ከሆነ አትፍሪኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ጭረቱ ከጨርቁ ነው። አሸዋው ባልዲው ሥር ይቀመጣል፣ ጨርቁ መልሶ ያነሳዋል። ክብ ክብ የሆነው እጅዎ ሲያብስ ክብ ስለሚሄድ ነው።»

ከባልዲው ሥር እጄን ከትቼ ጨበጥኩ። ስከፍተው መዳፌ ሙሉ አሸዋ ነበር። ውሃ ውድ ነው ብዬ በአንድ ባልዲ ሦስት መኪና የማጥብ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሰው መኪና ላይ በእጄ ስጽፍ ኖሬያለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከመጀመሪያው መኪና።»

«ለደንበኞቼ ነግረሻል?»

«ያጠጡኝን ውሃ ረስቼ?» አለች።

ይህን ከምትል ብትገፈትረኝ ይሻለኝ ነበር። በዳሷ ቀንቻለሁ፣ በማሽኗ ቀንቻለሁ፣ ልጄን ልትወስድብኝ ነው ብዬ ቀንቻለሁ። የዚያን ቀን ደግሞ በአፏ ቀናሁ። እኔ ብሆን ለመጀመሪያው መኪና ባለቤት ነበር የምናገረው።

የሰሊጥ ነጋዴው መኪና ኮፈን በእኔ ወጪ ጎንደር ተቀብቶ ተመለሰ። ማሽኑን የመተማው ነጋዴ መልሼ አልወስድም ስላለኝ ለካርቱሟ አቀበልኳት። እሷ እጇ የሠለጠነ ነው፣ የጭነት መኪና ጋቢና ላይ ትሠራበታለች። «የእትዬ ማሽን» ብላ እንድትጠራው አስምያታለሁ። አሁን በሁለት ባልዲ ነው የምናጥበው፣ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ፤ ጨርቁም የጆንያ አይደለም፣ እጄም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ልጄን ደግሞ ራሴ ነኝ አስፋልቱን ያሻገርኳት።

«ተራው የእሷ ነው» አልኳት፣ «ማስተማሩ ከእኔ አልቋል።»

«ጧት ብቻ ነው፣ እማ።»

«ጧትም ቢሆን ተራ ተራ ነው።»

ባለፈው ማክሰኞ የሰሊጡ ነጋዴ መኪና እንደገና መጣ። ሁለት ባጃጅ ቀድሞት ስለነበር ጠበቀ። አጥቤው ወደ ማዶ ተሻገረ። ማሽኑን የያዘችው ልጄ ነበረች። ጠርዝ ጠርዙን እንዳይቃጠል ፕላስተር ለጠፈች፣ ብረቱን በመዳፏ ዳሰሰች፣ ከዚያ ጀመረች። እኔ በርጩማዬን ወደ ዳሱ አዙሬ ተቀመጥኩ። ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ከስፖንጁ ሳታነሳ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨረሰችው። የካርቱሟ አጠገቧ ቆማ አንድ ሁለቴ «ተማም፣ ተማም» ስትል ሰማሁ።

ልጄ ቀና ብላ ወደ ማዶ አላየችም። እንዲያ ነው የሚሠራው፤ እኔም አቃጥዬ ነው የተማርኩት። ቢሆንም ያን ሁሉ ሰዓት ጠበቅኳት፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላየችኝም።